ደርቋል ብለው እንዳይቆርጡት

ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና፣ ከዚያም ወደ ዓለም ባንክ ሲጓዙ ዓይንዎን የሚይዘው ፎቅና ማስታወቂያ ነው። (ማስታወቂያ እንጀራዬ ስለሆነ አልወቅሰውም።) በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ልጆችዎን ይዘው በእግር ወደ ውስጥ መንደሮቹ ይግቡ፤ ኮርች ይፈልጉ። በኦሮምኛ ወለንሱ ይባላል። ኮርች የምንላቸው ዝርያዎች ከአንድ በላይ ሲሆኑ አንደኛው በተፈጥሮ የሚበቅለው በኢትዮጵያ ብቻ ነው።

በክረምት ካገኙት ቅጠሉን ይመልከቱ። በአንድ ረጅም ዘንግ ላይ ሦስት ሰፋፊ ቅጠሎች አሉ፤ ሁለቱ ግራና ቀኝ፣ አንዱ ጫፉ ላይ። ግንዱ ሸካራ ነው። ልጅዎ ሊያቅፈው ከሮጠ ይያዙት፤ እሾህ አለው።

ችግሩ በጋ ላይ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ኮርች ቅጠሉን እያራገፈ ራቁቱን ይቀራል። ዓይናችን ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሆኑትን ባሕር ዛፍና ጥድ ስለለመደ፣ ቅጠል የሌለውን ሁሉ የሞተ ይመስለናል። እኛ ግቢ አምና ኅዳር ላይ «ደርቋል፣ ይቆረጥና መኪና ማቆሚያ ይሁን» ተብሎ ድምፅ ሊሰጥ ሲል፣ አንዲት እናት ተነሥተው ቀንበጡን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴና እርጥብ ነበር። ጉዳዩ በይደር ተያዘ።

ጥር ላይ አንድም ቅጠል ሳይኖረው በየቅርንጫፉ ጫፍ ወደ ላይ የቆመ እሳት የመሰለ ቀይ አበባ አወጣ። የአበባውን ማር የሚመጡ ትንንሽ ወፎች ከማለዳ ጀምሮ ይንጫጫሉ፤ ልጆቹን ከመስኮት ማንሣት አልተቻለም።

አበባው ሲረግፍ እንደ ባቄላ ያለ ፍሬ መያዣ ይተካል፤ ዘመዱ ነውና። እንደ ባቄላም የቆመበትን መሬት ያዳብራል። ውስጡ ያለው ፍሬ ግን መርዛም ነው። ቀይና የሚያምር በመሆኑ ሕፃናት ወደ አፋቸው እንዳይወስዱት ይጠንቀቁ፤ እኔ ለጨዋታም አልሰጥም።

ዛፉን ወደ ግቢዎ ማስገባት ከፈለጉ ገበሬው የሚያደርገውን ያድርጉ፦ ክረምት ሲገባ ወፍራም ቅርንጫፍ ቆርጠው መሬት ውስጥ ይትከሉ። ለአጥር የሚመረጠው በቀላሉ ሥር ስለሚሰድ ነው። ሌሎች አገር በቀል ዛፎችን ለልጆችዎ ማሳየት ካሰቡ ደግሞ፣ በጉለሌና በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተሞች ላይ ከ700 ሄክታር በላይ ይዞ የተንጣለለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ቅርብ ነው።

የእኛ ግቢ የመኪና ማቆሚያ ጥያቄ በሚቀጥለው ስብሰባ እንደገና ይቀርባል። ስብሰባው ጥር ላይ እንዲሆን ጠይቄያለሁ።