የማን ልጅ ነሽ?

ሆሳዕና ውስጥ ሰው ሲተዋወቅ ዋናው ጥያቄ «ማን ትባላለህ?» አይደለም፤ «የማን ልጅ ነህ?» ነው። ስምህን ብትናገር «እሱስ ደግ፣ የማን?» ትባላለህ። ሌሞ ነህ? ሶሮ? ሻሾጎ? ባደዋቾ? ወደ ከምባታዋ ዱራሜ ብትሻገርም ጥያቄው ያው ነው፤ የጎሳው ስም ብቻ ይለወጣል። አባቶቹን በቅጡ የሚቆጥር ሰው ቡናው ሳይፈላ አንድ የሩቅ ዘመድ ማግኘቱ አይቀርም።

ይህን ጥያቄ መመለስ የማይችሉ ወጣቶች ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወደ ከተማዋ ብቅ ይላሉ። በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር የሄዱ ልጆች ናቸው። አሜሪካውያን ብቻ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ከ15,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ወስደዋል፤ ከሐዲያና ከከምባታ የሄደውም ጥቂት አይደለም። መንግሥት በ2003 ነገሩን ገታ አደረገው፤ በጥር 2010 ፓርላማው ጨርሶ ዘጋው። ዘር ከልጓም ይስባል ነውና ልጆቹ ነፍስ ሲያውቁ ፖስታቸውን ይዘው ይመጣሉ።

የፖስታው ነገር ያስቃልም ያሳዝናልም። የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት የቀበሌ ደብዳቤ፣ አንዲት ጉርድ ፎቶ። ኤርሲዶ የተባለው ሰው በእንግሊዝኛው ገጽ አርሴዶ፣ በሚቀጥለው ኢርሳዶ ሆኗል። አድራሻውም አይጨበጥም፤ በአያት ዘመን «ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ ከምባታና ሐዲያ አውራጃ» ይባል የነበረው በልጅቷ ወረቀት ላይ «ደቡብ ክልል» ነው፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ። ጎጆዋ እዚያው ናት፤ የዞረው ጽሕፈት ቤቱ ነው።

አንዷን አውቃታለሁ። ወረቀቷ «አባት፦ ሟች» ይላል። ቀበሌ ሄደች፤ መዝገቡ ቢፈለግ ጠፋ። አንድ ሽማግሌ «ሞቶ ከሆነ እድሩ ነው የቀበረው፤ ነይ» ብለው ወደ እድሩ ጸሐፊ ወሰዷት። በበኩሌ እንደ እድር ደብተር የማምነው መዝገብ የለም፤ ገንዘብ ስላለበት ማንም አይዋሽበትም። ጸሐፊው ጠርዙ አይጥ የቀመሰው ባለመስመር ደብተር ዘረጉና ጣታቸውን ከስም ወደ ስም አወረዱ። ሟቹ የዚያን ወር መዋጮ ከፍለዋል። በስማቸው አንጻር በቀይ እስክሪብቶ ራይት ተደርጎበታል።

እናቷን ግን እድሩም አያውቃት። እድር በአብዛኛው የሚመዘግበው አባወራን ነው። ሽማግሌዎቹም ያው ናቸው፤ ሰባትና ስምንት አባት እንደ ውኃ ያወርዱልሃል። ጀርመናዊው ኡልሪሽ ብራውኬምፐር ከሐዲያ ሽማግሌዎች አፍ የሰበሰበውን የዘር ቆጠራ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1980 ትልቅ የታሪክ መጽሐፍ አሳትሟል፤ ቀልድ አይደለም። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ቆጠራ ውስጥ ወንድ ወንድን እየወለደ ይወርዳል እንጂ ያረገዘችው አትነሳም።

እዚህ ላይ በስኮትላንዶች እቀናለሁ። እነሱም ልጅ ልከዋል። ዊሊያም ኳሪየር የሚባል የግላስጎው ጫማ ነጋዴ ያቋቋመው ማሳደጊያ ብቻ እ.ኤ.አ. ከ1870ዎቹ እስከ 1930ዎቹ ወደ 7,000 ልጆች በመርከብ ካናዳ አድርሷል። ከመላው ብሪታንያ የተላኩት ከ100,000 በላይ ሲሆኑ፣ «የሙት ልጅ» ከተባሉት የብዙዎቹ ወላጆች በሕይወት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ስኮትላንዳዊው የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። የነዚያ ልጆች የልጅ ልጆች ዛሬ ከኦንታሪዮ ተነስተው ሲፈልጉ እ.ኤ.አ. ከ1855 ወዲህ ያለውን ከመንግሥት መዝገብ፣ ከዚያ በፊት ያለውን ከአጥቢያ የጥምቀት መዝገብ ያወጣሉ። ሴቲቱ ብታገባም መዝገቡ በአባቷ ስም ያውቃታል፤ በዚህ እኛን ይመስላሉ። ድሮ አጥቢያ የሚቀይር ሰው ከቄሱ የመልካም ጠባይ ደብዳቤ ይዞ ይሄድ ስለነበር፣ በደብዳቤው ከመንደር መንደር ይከተሉታል።

ከምባታና ሐዲያ ውስጥም ለእናት ቦታ ያለው የቤተ ክርስቲያን ወረቀት ነው። የካቶሊክ ሚሲዮን የጥምቀት መዝገብ እናትንና የክርስትና ወላጅን ሳይጽፍ አያልፍም። የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የምታጠምቀው አምኖ የመጣን ሰው ስለሆነ ሴቲቱ በአባላት መዝገብ የምትገባው በራሷ ስም ነው፤ አጥቢያ ስትቀይርም የመሸኛ ደብዳቤ ይጻፍላታል። ከቀበሌ የሚጀምር ፈላጊ እግሩን ያደክማል ባይ ነኝ። ስለ አባት እድሩንና ሽማግሌውን፣ ስለ እናት ግን የምእመናኑን መዝገብ ይጠይቅ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ እንደሆነ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው የተጀመረው፤ ልጆቹ ያኔ ባሕር ተሻግረዋል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ፤ የእናቷ መሸኛ ወደ ሺንሺቾ ይላል። እናቲቱ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች፤ በኢሞ ተያዩ፣ የሚሆነውን ሁሉ ሆኑ። ቤት ያሉት አያቷ ነበሩ። ልጅቷ ደብተሯን አውጥታ «እማማ፣ የባለቤትዎ አባት ማን ይባሉ ነበር?» ብላ በአስተርጓሚ ጠየቀች። አሮጊቷ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። በቀድሞው የከምባታ ባህል ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ባሊሻ ይባላል፤ በስሙ የመጀመሪያ ክፍለ ቃል የሚነሳ ሌላ ቃል እንኳ እየዞሩ ያልፋሉ። እኚያ ሰው ከሞቱ ዘመናት አልፈዋል፤ አማትነታቸው ግን አልሞተም። አሮጊቷ በአገጫቸው ወደ ደጅ አመለከቱ። በግ የሚጠብቅ የጎረቤት ልጅ ተጠራ። እሱ የማንም ምራት አይደለምና ስሙን ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ ጠራላት፤ አያቷም እየሳቁ «እሱ ነው፣ እሱ ነው» አሉ።