ያነበቡትን በልብ ስለ መያዝ

ማንበብና የተነበበውን በልብ ማኖር ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው፤ ዓይን በገጹ ላይ ሲሄድ ሳለ ልብ ሌላ ስፍራ ሊውል ይችላልና። ልጁ መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አንብቦ ሲጠየቅ ዝም ያለ እንደ ሆነ፥ ብዙ አባት ወዲያው ሰነፍ ነው፥ ወይም ቀለም አይገባውም ብሎ ይፈርድበታል። እኔ ግን በችሎት ጽሕፈት ሥራ የምኖር ሰው ነኝና፥ ማስረጃ ሳይሰማ የሚሰጥ ፍርድ ምን ያህል እንደሚጎዳ አውቃለሁ። ስለዚህ ጥቂት ቃል ለወላጆች ለማቅረብ ወደድሁ።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ትምህርትን የተቀበልነው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ፊደሉን በዓይናችን ለየን፤ ንባቡን በግዕዝ፥ በውርድና በቁም ንባብ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እስከ ዳዊት አደረስነው፤ ሲመሽም ጸሎቱን ከመምህሩ አፍ እየተቀበልን በቃላችን ያዝን። አቋቋም የሚማረው በመቋሚያና በጸናጽል፥ በእጁና በእግሩ ያጠና ነበር። ቅኔ ቤት የገባውም የሌላውን በመስማት ብቻ አይለቀቅም፤ የራሱን ቈጥሮ በመምህሩ ፊት ማቅረብ ግዴታው ነው።

ኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በዝምታ ማንበብንና ዋናውን ነገር በደብተር ማስፈርን ተማርሁ። ከሁለቱም ቤቶች የቀረልኝ ትልቁ ጥቅም ግን መጽሐፉን ዘግቶ ራስን መጠየቅ ነው። ዛሬም ወፍራም መዝገብ ሲቀርብልኝ፥ ከሳሽ ምን ይላል፥ ተከሳሽ ምን ይመልሳል፥ ማስረጃው ምንድር ነው የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች መዝገቡን ዘግቼ ካልመለስሁ አንብቤዋለሁ አልልም።

የውጭ አገር ሊቃውንትም ይህን ነገር መርምረዋል። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሐውስ በራሱ ላይ ፈትኖ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ፥ የተጠና ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በብዛት እንደሚረሳ፥ ኋላ ግን መርሳቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳየ። በ2006 ደግሞ ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን አንድ ጽሑፍ ለተማሪዎች ሰጥተው ፈተኑ። ደጋግመው ያነበቡት ከሳምንት በኋላ 40 ከመቶ ያህል ሲያስታውሱ፥ አንብበው ጽሑፉን ሳያዩ ሦስት ጊዜ ለማስታወስ የሞከሩት ግን 61 ከመቶ ያህል አስታወሱ። አንዱ ልጅ በጆሮ፥ ሌላው በዓይን ቢማር ይሻለዋል የሚለውን አሳብ ግን ፓሽለርና ባልንጀሮቹ በ2008 መርምረው በቂ ማስረጃ አላገኙለትም። ልጆች የሚወዱት መንገድ በእውነት ይለያያል፤ ነገር ግን መንገዱን ይበልጡን የሚመርጠው የትምህርቱ ዓይነት ነው። ካርታ በጆሮ፥ ዜማም በዓይን ብቻ አይጠናም።

በቤቴም የ12 ዓመት ልጄን አንድ አስተማሪ ለትምህርት የተፈጠረ አይደለም ብሎ በላከብኝ ጊዜ፥ ከትምህርት ቤት ላወጣው አልወደድሁም። የታሪክ ትምህርቱን አንድ አንድ አንቀጽ እያነበበ፥ መጽሐፉን እየዘጋ፥ ማታ ለእናቱ እንዲነግራት አደረግሁ። እርሷም ማን ነበረ? ለምን ሆነ? ከዚያስ? እያለች ትጠይቀዋለች፤ ያልመለሰውን ብቻ ተመልሶ ያያል። ያንኑ በማግሥቱ፥ በሦስተኛው ቀንና በሳምንቱ ደግሞ ይነግራታል። ሁለት ወር ሲሞላ፥ በ1881 ዓመተ ምሕረት ከተፈረመው ከውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ጀምሮ እስከ 1888ቱ የዓድዋ ድል ድረስ ሳያቋርጥ ሲተርክ ሰማሁት። ከክፍሉ አንደኛ አልሆነም፤ ነገር ግን መጽሐፍ ሲያይ መሸሹን ትቷል።

ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ያነበበው አልያዝ ሲለው አስቀድማችሁ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩለት፤ እንቅልፉንና ምግቡንም ተመልከቱ። ፊደሉን ራሱን መለየት እጅግ የሚቸግረው ከሆነም የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ልብ ይከፍታል እየተባለ የሚጠጣውን አብሾ ግን አእምሮን ያውካልና አታቅምሱት። ከዚህ በኋላ መጽሐፉን አስዘግታችሁ፥ እስኪ ንገረኝ በሉት፤ ሲነግራችሁም ታግሣችሁ ስሙት።