የዘጋነው በረንዳ



ቤት ሲሠራ ብዙ ጊዜ መጨረሻ የሚታሰበው በረንዳው ነው። ጣሪያው ይመታል፣ ግድግዳው ይለሰናል፣ ሳሎኑ ይቀባል፣ ሶፋው ይገባል፤ በረንዳው ግን «ገንዘብ ሲገኝ» ተብሎ ይቆያል። እኛም ሆመቾ ባለው የወላጆቻችን ቤት ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነው። ገንዘቡ ሲገኝ ደግሞ አበላሸነው። ዛሬ የምንነግራችሁ እንዴት እንዳበላሸነውና እንዴት እንዳስተካከልነው ነው። ቤት ለመሥራት ወይም የእናት አባታችሁን ቤት ለማደስ የምታስቡ ወጣቶች እኛ የከፈልነውን እንዳትከፍሉ ብለን ነው።

የድሮው በረንዳችን ለዓይን የሚሞላ አልነበረም። ወርዱ ሁለት ሜትር ያህል፣ ወለሉ ሊሾ፣ ምሰሶዎቹ ባሕር ዛፍ፣ ክዳኑ ከቤቱ ቆርቆሮ የተቀጠለ ነበር። በቀኝ በኩል አባታችን፣ አላህ ይዘንላቸው፣ በድንጋይና በጭቃ በእጃቸው የሠሩት መደብ ነበር። ላዩ በሰው ብዛት አብረቅርቆ ነበር። እናታችን በየጠዋቱ ቡና የምታፈላው እዚያ ነው። ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች ናቸው። ጀበናው መንተክተክ ሲጀምር የተጠራ አልነበረም፤ የሚቀርም አልነበረም። በዒድ ቀን ደግሞ በረንዳው በጫማ ይሞላል። ከውጭ የመጣ ሰው ጫማውን ብቻ አይቶ እነማን እንደገቡ ያውቅ ነበር።

በገበያ ቀን ደግሞ ሌላ ሥራ ነበረው። ከገጠር ቆጮና ቡላ ተሸክመው የሚመጡ ሴቶች ዝናብ ሲይዛቸው የሚጠለሉት እኛ በረንዳ ላይ ነበር። ማንንም አያስፈቅዱም። እናታችን ከውስጥ ሆና «ጠጋ በሉ፣ ዝናቡ ይገርፋችኋል» ትላለች። ዝናቡ ሲያባራ አመስግነው ይሄዳሉ። ይህን እያየን ስላደግን ልዩ ነገር አልመሰለንም።

የሆሳዕናንና የአካባቢዋን ከተሞች የሚያውቅ ሰው በየሰፈሩ ደቡብ አፍሪካ የሄደ ልጅ እንዳለ ያውቃል። ከኛም ቤት ታላቅ ወንድማችን እዚያ ነው። ሱቅ ውስጥ ከማለዳ እስከ ማታ ቆሞ ካጠራቀመው ላከልንና «የእማን ደጅ አሳምሩልኝ፤ ስመጣ ሌላ ቤት መስሎ ይጠብቀኝ» አለን።

እኛም ስልካችንን ይዘን ተቀመጥን። ቀንና ሌሊት የዘመናዊ በረንዳ ፎቶ ስናይ ከረምን። የዱባዩን፣ የቱርኩን፣ የአሜሪካኑን፣ የአዲስ አበባውን ሪል እስቴት አየን። ነጭ ወለል፣ ጥቁር ብረት፣ ረጅም የአበባ ማስቀመጫ፣ ሁለት ወንበር። አሁን ስናስበው አንድ ነገር አላስተዋልንም ነበር፤ ፎቶዎቹ ላይ ሰው የለም። ቡና የሚያፈላ የለም፣ ጭቃ የረገጠ የለም፣ ሸክም ያወረደ የለም።

ሥራው ተጀመረ። መደቡን አፈረስነው። «ቦታ ይይዛል፣ የገጠር ቤት ያስመስላል» አልን። ወለሉን አንጸባራቂ ነጭ ሴራሚክ አለበስነው። የባሕር ዛፉን ምሰሶ በኮንክሪት ቀየርን። ዙሪያውን በብረት ፍርግርግ አጥረን በር ገጠምን፣ ቁልፍ አደረግንበት። ጣሪያውን ጂፕሰም አድርገን እንደ ሱቅ የሚያበራ ነጭ መብራት ተከልን። በሁለቱ ማዕዘን የፕላስቲክ አበባ አቆምን። ፎቶ አንስተን ላክንለት። «ማሻአላህ!» አለ። እናታችንም «አምሯል» አለች፤ ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

ሰኔ ገባ። ዝናብ ሲወርድ የሰፈራችን ጭቃ በጫማ ሥር ተለጥፎ እስከ በር ይመጣል። ሊሾው ይችለው ነበር፤ ነጩ ሴራሚክ ግን ውሃ ሲነካው ሳሙና ሆነ። ሠራተኛው ወለሉን ወደ ውጭ ስላላዘነበለው ውሃው መሐል ላይ ይተኛል። እኛም ሲሠራ ቆመን እያየን ይህን አልጠየቅንም። አንድ ቀን አያታችን ለዙህር ውዱእ አድርገው ሲመለሱ ተንሸራተው ወደቁ። የእጃቸው አንጓ ወለቀ። ወጌሻ ቤት ይዘናቸው ስንሄድ በመንገድ ላይ አንድ ቃል አልወቀሱንም፤ ይህ ደግሞ ከወቀሳ በላይ ከበደን።

ጎረቤቶቻችን መጀመሪያ ጫማቸውን አውልቀው በጣት እየረገጡ ይገቡ ነበር። ቀስ በቀስ መምጣት አነሱ። አንዷን ምን ሆነው እንደጠፉ ስንጠይቃቸው «ልጆቼ፣ ወለላችሁን እናቆሽሻለን ብለን ነው» አሉን። ቡናው ወደ ሳሎን ገባ። ሳሎን ደግሞ በር ማንኳኳት ይፈልጋል። ለአንድ ሲኒ ቡና ማን ያንኳኳል?

ይህ ሁሉ ግን ዓይናችንን አልገለጠውም። የገለጠው አንድ የገበያ ቀን ነው። ዝናቡ በድንገት ወረደ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ሸክማቸውን በጀርባቸው እንዳዘሉ እንደ ልማዳቸው ወደኛ ደጅ ሮጠው መጡ። ፍርግርጉ ተቆልፏል። ብረቱን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። እናታችን ከውስጥ አይታ ቁልፉን ፈለገች፤ ቁልፉ እኛ ኪስ ውስጥ ነበር፣ እኛ ደግሞ ጓሮ ነበርን። ጠርታን፣ ሮጠን፣ ቁልፉን አምጥተን ስንከፍት ሴትየዋ ሄደዋል። ሸክማቸው የነካው ብረት ላይ የቆጮ ቅጠል ቁራጭ ቀርቶ ነበር።

የዚያን ማታ ወንድማችን ሲደውል እናታችን ስልኩን ተቀብላ «ልጄ፣ ቤቱ አምሯል፤ አላህ ይስጥህ። ደጄ ግን ጠፍቶብኛል» አለችው።

ከዚያ ስልኩ ወደኛ መጣና እውነቱን መናገር ግድ ሆነ። ወለሉን፣ የአያታችንን እጅ፣ ቁልፉን ሁሉ ነገርነው። ያን ያህል ገንዘብ! ላቡን ነው ያባከንነው። ዝም አለ። ከዚያ «መደቡስ?» ብሎ ጠየቀ። አፍርሰነዋል አልነው። ልጅ ሆኖ ያጠና የነበረው፣ አባታችን ከመስጊድ ሲመለሱ የሚጠብቃቸው እዚያ መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር። ብዙ ቆይቶ እንዲህ አለን፦ «እኔ እዚህ ሌባ ስለሚፈራ ቀኑን ሙሉ በፍርግርግ ውስጥ ሆኜ ነው የምሸጠው። ብር የምቀበለው በፍርግርግ፣ ዳቦ የምሰጠው በፍርግርግ ነው። አገሬ ስመጣም በፍርግርግ ነው የምትቀበሉኝ?»

መልስ አልነበረንም።

ከዚያ በኋላ በረንዳ ምን እንደሆነ ማሰብ ጀመርን። ቃሉ ራሱ ከሕንድና ከፖርቱጋል ቋንቋዎች ጋር ዝምድና ያለው፣ ብዙ አገር ዞሮ የመጣ ቃል ነው። በአገራችን ከቆዩት በረንዳዎች አንዳንዶቹ ሐረር ውስጥ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. ከ1887 በኋላ ወደ ሐረር የመጡ የሕንድ ነጋዴዎች ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚያይ በረንዳ ያለው ፎቅ ቤት ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ጁገል ውስጥ እነዚህ ቤቶች ከጥንታዊው የሐረሪ ቤት ጎን ቆመው ይታያሉ። የሐረሪው ቤት ደግሞ ውስጡ ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ ሰው እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ የሚቀመጥባቸው ናቸው። ግድግዳው በስፌት ያጌጣል። ጌጡ ብዙ ነው፤ ቤቱ ሲታነጽ ግን ማን የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ታስቧል።

ጎረቤቶቻችን ጉራጌዎችም ጀፎሮ አላቸው። በቤቶቹ ፊት የተዘረጋ ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ ነው፤ ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ የልጆች ጨዋታውም እዚያው ነው። ማንም «ፊቴን ላስፋ» ብሎ አያጥረውም።

የራሳችንን አነጋገር እንኳ ብናይ፣ ቤት የሌለውን ሰው «በረንዳ አዳሪ» እንላለን። ቃሉ ያሳዝናል። ሆኖም በውስጡ አንድ ነገር አለ፤ ምንም የሌለው ሰው እንኳ የሰው በረንዳ አያጣም ነበር ማለት ነው። እኛ የዘጋነው ይህን ነው። ስለ ጎረቤት ሐቅና ስለ እንግዳ ክብር በየጁሙዓው ስንሰማ ኖረናል፤ ሐቁ የሚጀምረው ግን ከሳሎን ሳይሆን ከደጅ መሆኑን ያስተማረን ይህ ብረት ነው።

ስለዚህ ድጋሚ ሠራነው። በዚህ ጊዜ ስልካችንን አስቀምጠን እናታችንንና አያታችንን ጠየቅን። ለሚጠቅማችሁ ሰዎች ያደረግነውን በዝርዝር እንንገራችሁ።

መጀመሪያ ወለሉ። አንጸባራቂውን ሴራሚክ ከመርገጫው ላይ አንስተን ያልተሰበረውን ለማድ ቤቱ ግድግዳ አደረግነው፤ ተጨማሪ ኢስራፍ እንዳይሆን። ወለሉን ወደ ሊሾ መለስን፤ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ሻካራ አደረግነው። ሴራሚክ የግድ የምትሉ ከሆነ ለውጭ የሚሆነውን ሻካራውን ግዙ፤ ሱቁ ውስጥ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ በእጃችሁ ሞክሩት። ወለሉም ወደ ውጭ ይዘንብል፤ በእያንዳንዱ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ውሃ አይተኛም። አሸንዳውንም አትርሱ፤ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ደረጃ ላይ ከፈሰሰ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። የደረጃው ከፍታ ከ15 እስከ 17 ሳንቲ ሜትር፣ ሁሉም እኩል ይሁን። አዛውንት የሚወድቁት አንዱ ከሌላው ሲለይ ነው።

ሁለተኛ መቀመጫው። መደቡን በድንጋይና በሲሚንቶ መልሰን ሠራነው። ከፍታው ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለአዛውንት ለመነሣት የሚመች ነው። የአባታችን እጅ ያረፈበት እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ያ አይመለስም። ላዩ ላይ ከእንሰት የተሠራ ጅባ አነጠፍን። ለተጨማሪ ሰው ቀላል የቀርከሃ ወንበርና በርጩማ አለ፤ ማታ ወደ ውስጥ ይገባል። አዲስ ቤት የምትሠሩ ደግሞ የበረንዳውን ወርድ ከ1.5 ሜትር አታሳንሱ። ከዚያ ካነሰ አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ማለፊያ ያጣል፤ በረንዳ መሆኑ ቀርቶ መተላለፊያ ይሆናል።

ሦስተኛ አረንጓዴው። የፕላስቲኩን አበባ አነሣን። ከገበያ የሸክላ ማሰሮ ገዝተን ከሥሩ ቀዳዳ አበጅተን ጤና አዳም፣ በሶብላና ጽጌረዳ ተከልንበት። ጤና አዳሙ ከማሰሮው ተቀንጥሶ ቡና ውስጥ ይገባል፤ ከዚህ የተሻለ ጌጥ ምን አለ? በነገራችን ላይ ሸክላ ሠሪዎችን በሥራቸው ዝቅ አድርጎ ማየት በአካባቢያችን የቆየ ነውር ነው። ዕቃቸው ደጃችንን ካስዋበልን ሰላምታችንና ዋጋችንም ሙሉ ይሁን።

አራተኛ መብራቱ። ነጩን በቢጫ ኤልኢዲ ቀየርነው። ዓይን አይወጋም፣ ነፍሳትም የሚሰበስበው ከነጩ ያነሰ ነው። ረመዳን ላይ ኢፍጧር እዚያው ስናነጥፍ ልዩነቱ ታወቀን።

አምስተኛ ጭቃው። ደረጃው ጫፍ ላይ ጫማ የሚፋቅበት ብረት ተከልን። ከፍርግርጉ ቁራጭ የተሠራ ነው። አጠገቡ ባለ ቧንቧ በርሜልና የጫማ መደርደሪያ አለ፤ ለውዱእም ለእጅ መታጠቢያም ያገለግላል። «ወለላችሁን እናቆሽሻለን» የሚል ሰው ከዚህ በኋላ ምክንያት የለውም።

«ሌባስ?» ትሉን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛም መጀመሪያ ፍርግርጉን የገጠምነው ሰውን ለማባረር ብለን አልነበረም። መፍትሔ ያደረግነው ቁልፉን ወደ ኋላ መውሰድ ነው። የቤቱን በርና መስኮት አጠናከርን፤ በረንዳው ላይ ግን የሚሰረቅ ነገር አናሳድርም። መደብ አይሰረቅም። ደግሞ ከማለዳ ጀምሮ ጎረቤት የሚቀመጥበት ደጅ ከቁልፍ የበለጠ ጠባቂ አለው።

አሁን ቡናው ተመልሷል። አያታችን እጃቸው ድኗል፤ ዝናብ ሲጥል ግን አሁንም ይቆረጥማቸዋል፣ እኛም እናስታውሳለን። ያቺ የተመለሱት እናት እንደገና ይምጡ አይምጡ አናውቅም፤ መልካቸውን በደንብ አላየንም። በየገበያው ቀን ዝናብ በመጣ ቁጥር እናታችን ወደ ደጅ ትወጣና የሚጠለሉትን አንድ በአንድ ታያለች።

ለወንድማችን አዲሱን ፎቶ ላክንለት። በዚህኛው ላይ ወለሉ በሰው እግር ተሸፍኖ አይታይም። ብዙ አየውና «ከመደቡ ጫፍ ለኔ ቦታ ተዉልኝ» አለ።

ትተንለታል። ከአገር ርቀው ለቤተሰባቸው የሚለፉትን ሁሉ አላህ በሰላም ወደ ደጃቸው ይመልስልን። ደጁም ክፍት ሆኖ ይቆያቸው።