«ዕቃ ተቀይሯል!»

አባቴ ከዓይናቸው ይልቅ ጆሯቸውን ማመን ከጀመሩ ቆይተዋል፡፡ ሞራ ጋዜጣ ከከለከላቸው ወዲህ ዓለም የምትገባላቸው በአንዲት አሮጌ ሬዲዮ በኩል ነው፡፡ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰራጨውን የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ዝግጅት በአጭር ሞገድ ሲፈልጉ፣ ቤት ውስጥ ያለን ሁሉ ትንፋሻችንን እንውጣለን፡፡

አንድ ቀን ሬዲዮዋ ዝም አለች፡፡ በጨርቅ ጠቅልዬ ጥገና ቤት ወሰድኳት፡፡ ጠጋኙ ክዳኗን እንኳ ሳይከፍት ነቅነቅ አደረጋትና፣ «አይሲዋ ተቃጥሏል ወንድሜ፤ ዕቃው ከገበያ ጠፍቷል፤ ለአንተ ግን እፈልጋለሁ» አለኝ፡፡ «ነገ ና»፣ «ከነገ ወዲያ ና» ስባል ሁለት ሳምንት አለፈ፡፡ በመጨረሻ «ዕቃ ተቀይሯል» ተባልኩና ከፍዬ ተረከብኩ፡፡

አባቴ ጥቂት አዳመጡና፣ «ልጄ፣ ይህቺ የእኔ ሬዲዮ አይደለችም» አሉ፡፡

«ኧረ አባባ፣ ራሷ ናት!»

«መልኳን ተወው፤ ድምጿ የሌላ ነው፡፡»

በካቻቢቴ ፈታኋት፡፡ እውነታቸውን ነበር፡፡ ትልቁ እስፒከር ተነቅሎ በቦታው ትንሽ ርካሽ እስፒከር በሙጫ ተለጥፏል፡፡ ተቃጥሎ ተቀየረ የተባለው አይሲ ግን የዓመታት አቧራውን እንደለበሰ ቁጭ ብሏል፡፡ በእርግጥም ዕቃ ተቀይሯል! ተመልሼ ብጮህ፣ «ከእኔ ቤት ስትወጣ ደህና ነበረች» ተባልኩ፡፡ ምስክር የለኝ፣ ምን ልበል?

ከወር በኋላ እንደገና ዝም አለች፡፡ በንዴት ቴስተርና የመበየጃ ብረት ገዛሁ፡፡ በተጣሉ ሬዲዮዎች ላይ እየተለማመድኩ፣ እየተቃጠልኩም፣ ብዙው ብልሽት ተራ መሆኑን ተረዳሁ፡፡ ፊውዝ መበጠሱ በቴስተር በቅጽበት ይታወቃል፡፡ ያረጀ ካፓሲተር አናቱ ያብጣል፡፡ የላላ ብየዳ ዙሪያውን ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያወጣል፡፡ ድምፅ መጨመሪያው ሲዞር የሚንሻጠጠው ብዙውን ጊዜ በአቧራ ነው፡፡ አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ ካፓሲተር ዕቃው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል፡፡

የአባቴ ሬዲዮ በሽታ ምን ነበር? ያረጀ ድንጋይ ፈስሶ ሽቦውን አዝጎታል፤ ሌላ ምንም አልነበረም፡፡ በአቼቶ ባራስኩት ጥጥ ጠርጌ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አነሳኋት፡፡

ይህን የሰሙ ጎረቤታችን የሆኑ እናት ሬዲዯቸውን ይዘው መጡ፡፡ ያው ዝገት ነበር፤ አሥር ደቂቃም አልፈጀብኝ፡፡ «ስንት ልክፈል ልጄ?» ሲሉኝ፣ «ከባድ ዕቃ ነው የተቀየረው» የሚል ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ አገኘሁት፡፡ ደነገጥኩ! ውሸቱ እንዲህ ቅርብ ነው ለካ፡፡ እውነቱን ነገርኳቸው፡፡ እሳቸውም ሳቁና፣ «ታዲያ ለመጥረግ ይከፈላል እንዴ?» ብለው መርቀውኝ ሄዱ፡፡

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ፡፡ እኛ የምንከፍለው ለዕቃ እንጂ ለዕውቀት አይደለም፡፡ ብልሽቱን በአሥር ደቂቃ ያገኘው ሐቀኛ ጠጋኝ ምስጋና ይዞ ይቀራል፤ «አይሲ ተቃጥሏል» ያለው ግን ኪሱን ይሞላል፡፡ ይህ የእስፒከሩን ሌባ ነጻ አያወጣውም፡፡ ቢሆንም ዕቃችን ፊታችን እንዲከፈት፣ የተቀየረውም አሮጌ ዕቃ እንዲመለስልን የምንጠይቅ ከሆነ፣ ለሚያውቀው ሰው የዕውቀቱን ዋጋ ሳንነጫነጭ መክፈልም ይገባናል፡፡

ለአባቴ ከአንዲት የሞተች ሬዲዮ ባለ 8 ኦም እስፒከር ነቅዬ ገጠምኩላቸው፡፡ ጆሯቸውን አስጠግተው ብዙ አዳመጡ፡፡

«ተሽሏታል» አሉ፤ «ያችኛዋ ግን አይደለችም፡፡»