የምግብ ጠረጴዛና የክፍሉ ልክ

የቤት ዕቃ የሚያሠራ ሰው አስቀድሞ የእንጨቱን ዓይነትና ዋጋውን ይጠይቃል፤ ዕቃው የሚቆምበትን ክፍል የሚለካ ግን ጥቂት ነው። መሶብ ከተበላ በኋላ ይነሣል፤ የምግብ ጠረጴዛ ግን አንድ ጊዜ ከቆመ ቦታውን አይለቅምና ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል።

በፍርድ ቤት በጸሐፊነት ስናገለግል ሰዎች ስለ አንድ ክንድ ወሰን ብዙ ዘመን ሲከራከሩ አይተናል። በቤት ውስጥ ግን ያ አንድ ክንድ የሚወሰደው ከማይከራከር ሰው ነው፤ ይኸውም እጅ ከምታስታጥበው ልጅና በምርኩዝ ከሚሄዱት እናት ነው።

ስለዚህ ከጠረጴዛው በፊት መተላለፊያውን ለካን። የክፍላችን ርዝመት 4 ሜትር፥ ወርዱ 3 ሜትር ነው። በተቀመጠ ሰው ጀርባ ሌላው እንዲያልፍ ከየግድግዳው 90 ሳንቲ ሜትር ሲቀነስ የሚተርፈው 2 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ20 ነው። ለአንድ ሰው 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋልና ለስድስታችን 1 ሜትር ከ50 በ90 የሆነውን መረጥን። ትልቁን ያስመኘን የበዓል እንግዳ ነበረ፤ ነገር ግን እንግዳ የሚመጣው በዓመት ጥቂት ቀን ነው፤ እናታችን ወደ ገበታ የሚቀርቡት ግን በየማታው ነው። ነጠላ በልኩ አጥፈን በወለሉ ላይ ዘረጋን፤ በዙሪያውም ወንበሮች አኖርን፤ እናታችን ምርኩዛቸው ሳይሰናከል ዞረው ሲመለሱ ባየን ጊዜ ልኩን ለአናጢው ሰጠነው።

እንዲሁ የሚለካ ሁሉ ወንበሩን ሰው እንደ ተቀመጠበት ወደ ኋላ ስቦ ይለካ፤ በሩም ወደ ውስጥ የሚከፈት እንደ ሆነ የሚይዘውን ስፍራ አይርሳ።