ከታፔላው በፊት የዱቤ ደብተሩ

እዚህ ኢምባካሲ ሦስት ልጆቻችን ገንዘብ አዋጥተው ሱቅ ሊከፍቱ ነው። እግዚአብሔር ይርዳቸው። የወጪ ዝርዝራቸውን ሲያሳዩኝ ግን አንደኛ ላይ ያለው ባለመብራት ታፔላ ነው፤ ሁለተኛው የቲክቶክ ማስታወቂያ። ስኳርና ዘይት ከታች ናቸው።

ሁለተኛ ደረጃ ቢዝነስ አስተምራለሁ። ምርት፣ ዋጋ፣ ቦታና ማስተዋወቅ የሚባሉትን አራቱን ማካርቲ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960 ነው የጻፋቸው። መርሳ ላይ ሱቅ የነበረው አባቴ ማካርቲን አያውቀውም። ግን 501 ሳሙና ለሁለት ቆርጦ ይሸጥ ነበር። ስኳሩን መዝኖ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሳይዘጋው ቆንጠር አድርጎ ምርቃት ይጨምራል። እናቴ «ትርፉን እኮ በተንህ» ብላ ትቆጣለች። የገጠሩ ሰው ግን በገበያ ቀን ሌላውን ሱቅ ሁሉ አልፎ እኛ ጋ ይመጣ ነበር።

የኢምባካሲም ዱካ ያው ነው። «ካዶጎ» ይሉታል፣ ትንሽ ማለት ነው፤ የ20 ሽልንግ ዘይት፣ ግማሽ ዳቦ፣ አንድ ፍሬ ዳይፐር። የቀን ሠራተኛ ዛሬ ያገኘውን ዛሬ ነው የሚበላው። (በሊትር ሲሰላ ካዶጎው እንደሚወደድ አትርሱ። ድሃ ሁሌም አስወድዶ ነው የሚገዛው።) የሰፈሬ ባለሱቅ ከሽቦው ጀርባ ሆና «ምዋሊሙ» ትለኛለች፣ መምህር ማለቷ ነው። በየቢሮው በፋይል ቁጥር ለሚጠራ ሰው ይሄ ከየትኛውም ታፔላ ይበልጣል።

ከባዱ ዱቤው ነው። አባቴ ግድግዳው ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ግን አለ» ብሎ ለጥፏል፤ ከባንኮኒው ስር ግን ደብተሩ አለ። ስዋሂሊዎቹም መበደር ሠርግ፣ መክፈል ለቅሶ ነው ይላሉ። የመርሳው ባለዕዳ እህሉን ሲሰበስብ ይከፍላል፣ ቢዘገይም ቤቱ ይታወቃል። የእኛ ሰው ግን በረራው ከደረሰ ዕዳውም አብሮት ይበራል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ ስደተኛ መቀበል ስታቆም ደግሞ፣ ልሄድ ነው ብሎ አልጋውን ሳይቀር የሸጠ ሰው ባዶ ቤት ቀረ። እሱን «ዱቤ የለም» በሉት ብዬ አልመክርም፣ አንጀቴም አይችልም።

ለልጆቹ ያልኳቸው ይሄን ነው፦ ለአንድ ቤት የዱቤ ጣሪያ ይኑር። ደብተሩ ሁለት ይሁን፣ አንዱ ደንበኛው ጋ ይቀመጥ። በየሳምንቱ ይተሳሰቡ፣ ሃምሳ ሽልንግም ብትሆን በኤምፔሳ ትግባ። የ2021ዱ የኬንያ የስደተኞች ሕግ እውቅና ያለው ስደተኛ ሠርቶ እንዲያድር ቢፈቅድም፣ የካውንቲውን የንግድ ፈቃድ ሳትይዙ በር አትክፈቱ።

ያገለገለ መደርደሪያና ሚዛን የሚሸጥ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ታፔላው ይቆይ።