ኒሟ ላይ ቁጥር 7

ዛሬ ጠዋት ከቤት የወጣሁት ሽንኩርት ልገዛ ነበር። ሰፈሩ ግን ባዶው ቦታ ላይ ባለችው ኒም ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ጉዳዩ እዚያው ላይ ይሠራል የተባለው ሱቅ ነው።

ባለቤቱ በቅርቡ ከውጭ የመጣውን ልጁን ልኮልናል። ልጁ ጨዋ ነው፣ እጅ ነሥቶ ጀመረ። "ዘመናዊ ግሮሰሪ ነው የምንከፍተው፤ እናቶችም ልጆችም ቤተሰብ ሁሉ የሚመጣበት።" አለቀ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ፤ "የኔ ልጅ፣ ከነልጆቻችን ልታጠጣን ነው?" በእኛ በሳንጃ አማርኛ ግሮሰሪ ቢራና ድራፍት መሆኑን ማን ይንገረው! "ሩዝ ነው! ፓስታ ነው! የልብስ ሳሙና ነው!" እያለ ሲምል ግማሽ ሰዓት ሄደ።

ሁሉም ሲስቅ እኔን አያቴ እምዬ ትዝ አለችኝ። አክስቴ አሜሪካ እንደገባች ሰሞን ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤት ቤት ትደውል ነበር። "የት ዋልሽ ልጄ?" "ግሮሰሪ።" በሳምንቱም ግሮሰሪ። አንድ ቀን ደግሞ "ግሮሰሪ ሄጄ የሳምንቱን ይዤ ገባሁ" አለቻት። የሳምንቱን! እምዬ ስልኩን አስቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጇን ከመጠጥ እንዲያወጣላት ለአዘዞ ተክለ ሃይማኖት ጧፍ ተሳለች። ገንዘብ ሲላክላትም "ይህንንስ ከመጠጧ እንዴት አተረፈችው?" ትል ነበር። ያረማት ሰው የለም። እኔ ነገሩ ሲገባኝ እሷ አርፋ ነበር። አክስቴ ለቀብሩም አልደረሰች፤ የእምዬን ጭንቀት እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ስለቱ ግን ሠርቷል፤ አክስቴ ቢራ አትቀምስም።

ኧረ ወዴት ወዴት ሄድኩ። ወደ ሱቁ ልመለስ።

ልጁ ፕላን ዘረጋ፤ አሥራ ሁለት መኪና ማቆሚያ። ኒሟን ብንፈልጋት የለችም፤ በሷ ቦታ "7" የሚል ቁጥር ተጽፏል። የሰፈሩን መኪና ቆጠርን። ሁለት። አንዱ ድንጋይ ላይ ከተሰቀለ ሁለት ዓመቱ ነው። አንድ ወጣት ተነሥቶ፣ "ከተማ ያድጋል፤ አዲስ አበባ ቀድሞ ስላላሰበ ነው በ2009 መገናኛ ላይ መኪና እንደ ሣጥን የሚደረድር ብረት የተከለው" አለ። እውነቱን ነው። እዚያ ለማቆሚያ የተፈቀደ ምድር ቤት ሱቅና መጋዘን ይሆንና መኪናው አስፋልት ላይ ይቀራል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ "ጣሊያንም የጎንደርን ፒያሳ ለመኪና ብሎ ሠራው፤ በ1934 ሲባረር መንገዱ ለአህያው ተረፈ" ብለው ቁጭ አሉ። መልስ የሰጣቸው የለም፤ ምን ይባላል!

ሳንጃ ላይ የሚቆመው ባጃጅ ነው፣ አህያ ነው፣ በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ሳሉግ የምንለውን የቀን ሠራተኛ የጫነ አይሱዙ ነው። የሚቆመውም ሰፊ ቦታ ተመርጦ አይደለም፤ ጥላ ተመርጦ ነው። ጠዋት ባጃጆቹ ከኒሟ በምዕራብ ይሰለፋሉ፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ ይዞራሉ። ተራ አስከባሪውም አብሮ ይዞራል። በዚህ ሙቀት ጠራራ ላይ የቆመ ባጃጅ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል።

ሱቁን እኔም እፈልገዋለሁ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር የዘይት ዋጋ ጠዋት ሌላ ማታ ሌላ በሆነበት አገር ዋጋው የተለጠፈበት መደርደሪያ ማን ይጠላል? "ሰባትን ሰርዝልን ብቻ" አልኩት። "በሰባት ቦታ ምን ልጻፍ?" አለኝ፣ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። እኔ መልስ ስፈልግ ፀሐይዋ ደረሰችብን። ሁሉም በርጩማውን አንሥቶ ተጠጋ፤ ልጁም ፕላኑን ጠቅልሎ እኛ መሀል ገባ።

ለእሁድ ተቀጥሯል። ሽሮው ያለ ሽንኩርት ነው ዛሬ።